ጭኮ ፎቶ አይወጣለትም

ሮቤ ስላችሁ ወደ ባሌ እንዳትሄዱብኝ። የባሌዋ ሮቤ ስም አላት። ከጎባ አጠገብ ተቀምጣ አውሮፕላን ያርፍባታል፤ ወደ ሳነቴም ሆነ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚሄድ ቱሪስት ደጇን ሳይረግጥ አያልፍም። እኔ የማወራችሁ ስለ አርሲዋ ነው። መናኸሪያ ላይ «ሮቤ! ሮቤ!» እያለ የሚጣራ ረዳት ሲገጥመው «የቱ ሮቤ?» ብሎ መጠየቅ የአርሲ ሮቤ ልጅ አፉን ሲፈታ የሚማረው ነገር ነው። ሳይጠይቅ ተሳፍሮ እንቅልፉን የለጠጠ ሰው ዶዶላ ላይ ነው የሚነቃው። የኛ ሰው ይህን ነገር በሆዱ ይዞታል። «እነሱ አውሮፕላን ካላቸው እኛ ገብስ አለን» ብሎ ይጽናናል። ማጽናኛው ቀልድ ይመስላል እንጂ ገብሱን የቀመሰ አይስቅም።

መንገዱ ራሱ «አንሱኝ» ይላል። በፍጥነት መንገዱ አዳማ ገብታችሁ፣ አዋሽ መልካሳንና ዴራን አልፋችሁ ሽቅብ ስትወጡ፣ አዳማ ላይ ያወለቃችሁትን ሹራብ ኢተያ ላይ ትፈልጉታላችሁ። ቀጥ ካላችሁ በቁሉምሳ በኩል አሰላ፣ ወደ ምሥራቅ ከታጠፋችሁ ደግሞ ሮቤ። ኅዳር አልቆ ታኅሣሥ ሲገባ እዚህ አገር ማሳ ላይ ከቢጫ በቀር ሌላ ቀለም የለም። ኮምባይነሩ አንዱን ጥግ ይዞ እብቅ እያቦነነ ይሄዳል፤ ከወደ ኋላ ጭላሎ ከ4,000 ሜትር በላይ ቀና ብሎ ደመናውን ይዞ ቆሟል። ፎቶ የማይወድ ሰው እንኳ እጁ ሳያስበው ኪሱ ይገባል። ችግሩ መስኮቱ ነው። አባዱላ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው ከኋላ ወንበር «ወንድም፣ ዝጋው እንጂ! ብርድ ልታስመታን ነው?» ይባላል። ከፊት ደግሞ አንዲት እናት ልጃቸውን በነጠላ ጠቅልለው በዓይናቸው ይገላምጡታል። ስለዚህ የአርሲ ስንዴ በየሰው ስልክ ውስጥ ያለው ከመስታወት ጀርባ ነው፤ የጣት አሻራ ታትሞበት፣ «ማሻ አላህ» የሚለው ተለጣፊ ደግሞ ግልባጩን ተጽፎበት።

አጠገቤ የተቀመጡ አባት ፎቶ አያነሱም፤ ስንዴውን በስሙ ነው የሚጠሩት። እኔ «ስንዴ» ብዬ የማልፈውን እሳቸው «ያ ዳንዳኣ ነው፤ ያኛው ኦጎልቾ ይመስለኛል፤ ይሄ ሰውዬ ደግሞ ዛሬም ቀቀባውን አልለቀቀም» እያሉ ያልፋሉ። በዚያ ፍጥነት ከመስኮት ውጭ ያለን ዘር እንዴት እንደሚለዩ አልጠየቅኋቸውም፤ ከተሜ መሆኔ ቀድሞ ታውቆብኛል። አንድ ቦታ ሲደርሱ «ስንዴስ ኩብሳ ነበር!» አሉና ዝም አሉ። ኩብሳን እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ፈጀው። ከእሱ ወዲህ ሰው የተማመነበትን ድጋሉን ደግሞ በ2013 የግንድ ዋግ ወሰደው። ሽማግሌው ስማቸውን ሲያነሱ «ነፍሱን ይማረውና» ለማለት ምንም አልቀራቸውም። አርሲ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ብርቅ አይደለም። ስዊድኖች ከመንግሥት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1967 ሰው ሁሉ ካዱ የሚለውን የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ከጀመሩ ወዲህ፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ዲቃላ ላም እዚህ አገር የቡና ላይ ጨዋታ ናቸው። የቁሉምሳ ተመራማሪዎች አዲስ ዘር ሲያወጡ ስም የሚያወጣለት ሳይንቲስቱ ይሁን እንጂ አቃቂር የሚያወጣለት ገበሬው ነው።

ገብሱ ግን ከስንዴው የባሰ ታሪክ አለው። የአርሲ ገብስ ዕጣው ሁለት ነው። ሳቢኒና ሆልከር የሚባሉት የቢራ ገብሶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ወደ ተተከለው የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ይሄዳሉ፤ ተዘፍዝፈው፣ በቅለው፣ ደርቀው ጠማቂዎቹ እጅ ይገባሉ። ከዚያ በኋላ ፎቶ ሲነሱ ነው የሚውሉት። ጠርሙሱ ላይ ውኃ እየተረጨ፣ መብራት ከግራና ከቀኝ እየበራ፣ አረፋው ሳይወርድ «ቶሎ በል!» እየተባለ። ያኛው ገብስ እዚያው ቤት ይቀራል። ይሸከሸካል፣ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በንጥር ቅቤ ይታሻል፤ ጭኮ ይሆናል። እንግዳ ይቀበላል፣ ሙሽራ ይሸኛል፣ አራስ ይጠግናል፣ ስንቅ ሆኖ አገር ያቋርጣል። ፎቶ ግን የለውም። ለዚህ ግፍ ካሳ ይሆናል ብዬ ነው እኔ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ሮቤ የሄድኩት።

አክስቴ ቤት ስደርስ ሰላምታው ራሱ ጊዜ ወሰደ። ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ፣ የሞተው፣ የተዳረው ሁሉ በየተራ ተጠየቀ። ከዚያ ጭኮው በቆሪ ቀረበ። ቆሪ ማለት ከእንጨት የተፈለፈለ ጎድጓዳ የአርሲ ዕቃ ነው፤ ቅቤ ስለጠጣ ጥቁረቱ ያበራል። እኔም ስልኬን አወጣሁ።

ቤቱ ተናጠ።

«ቆይ! ቆይ በፈጣሪ!» ብላ አክስቴ ወደ ጓዳ ገባች። የወጣችው ለዒድ የተገዛውን ቀሚስ ለብሳ ነው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ቆሪውን ከፊቴ አንስታ ጭኮውን ከቻይና የመጣ አበባ ያለበት የሸክላ ሰሃን ላይ መገልበጥ ጀመረች። ትንሹ ልጅ ከጥግ ቢጫዋን ጀሪካን አንስቶ ሮጠ፤ ሌላው ሱቅ ተላከ። ከሱቅ የመጣው ሚሪንዳ ነው። «ለስላሳ የሌለበት ፎቶ ደግሞ ምኑ ፎቶ ነው?» አለች አክስቴ፤ ስትናገረው ደግሞ ጥያቄ አይደለም። የፕላስቲክ አበባው ከቴሌቪዥኑ ላይ ወርዶ መሃል ላይ ተቀመጠ። ሁሉም ከሶፋው ላይ ተደርድረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፍርድ ቤት የቀረቡ ይመስል ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ። አነሳሁ። አሁን ፎቶውን ሳየው የሚሪንዳው ስም ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ጭኮው ከጠርሙሱ ጀርባ ነው።

አክስቴን አልፈርድባትም። እኛ ምግብ ስንሸፍን የኖርን ሰዎች ነን። መሶቡ ክዳን አለው፣ ጮጮው ክዳን አለው፣ እንጀራ በሰፌድ ከጎረቤት ጎረቤት ሲሄድ እንኳ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል። ሰው ሲበላ ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው፤ ያየ ሰው ወይ «ብላ» ይባላል ወይ በዓይኑ ይጠረጠራል። በድሮው የቤተ መንግሥት ግብር ንጉሡ ማዕድ ሲቀርቡ መጋረጃ ይጋረድ ነበር። በምኒልክ ዘመን መጥቶ የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ የሆነው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ፣ ነገሥታቱን ዘውድ ጭነው፣ ካባ ደርበው አንስተዋቸዋል። ሲጎርሱ የተነሱበትን ግን እኔ አላየሁም። እንዲህ ያለ አገር ውስጥ አድጎ፣ ሰው ሳይቀምሰው ምግቡን ለሦስት ሺህ ዓይን የሚያሳይ ትውልድ በአንድ ጊዜ ከየት እንደመጣ ለአክስቴ ማስረዳት ከባድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ማኪያቶ እንኳ ተነስቶ ሳያልቅ አይጠጣም። የቀዘቀዘ ማኪያቶ መጠጣት የለመደ ወጣት ስንት አለ!

አክስቴ ግን መላ አላት። «ልታነሳው ነው አይደል? እንግዲያው ማሻ አላህ ብለህ አንሳ።» እኔም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ምግብ ሳነሳ በልቤ እላለሁ፤ ፎቶውን አያሳምረውም፣ ምግቡን ግን እስካሁን የነካው ነገር የለም።

ሳሎን እንዲህ ይሁን እንጂ ጓዳ ፎቶ ክልክል ነው። «ጭሱን ነው የምታነሳው? የተሰበረውን መስኮት?» ተባልኩ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ማየት ግን ተፈቀደልኝ። ብዙ ያየሁትም ያኔ ነው፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ዓይኔ ሥራ ያዘ።

ገብሱ መጀመሪያ ርጥብ ይደረግና ሙቀጫ ይገባል። የሚወቀጠው እንዲደቅ አይደለም፤ ገለባው እንዲላቀቅ ነው፤ ስለዚህ ዘነዘናው የሚወርደው በልክ ነው። ሰነፍ ገብስ የሚባል፣ ልብሱን በቀላሉ የሚያወልቅ ገብስም አለ፤ አክስቴ ቤት ግን ስሙ አይነሳም። የተሸከሸከው በሰፌድ ይበጠራል፣ ፀሐይ ይመታዋል፣ ከዚያ ምጣድ ላይ ይወጣል። ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ነው። እሳቱ ከበዛ ላዩ ይከስልና ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ካነሰ ደግሞ ዱቄቱ የገብስ ሽታ እንጂ የቆሎ ሽታ አይኖረውም። አክስቴ ሰዓት አታይም። ጥቂት ፍሬ ታነሳና በጥርሷ ትሰብራለች፤ ድምፁን ሰምታ ነው የምታወርደው። ካወረደች በኋላ ይፈጫል፣ በወንፊት ይነፋል፣ ኮረሪማና ትንሽ ጨው ይገባበታል።

ከዚያ ቅቤው። የተነጠረው ቅቤ ለብ እንዳለ ዱቄቱ ላይ በዝግታ ይፈስሳል፤ አክስቴ በመዳፏ ጠርዝ ከዳር ወደ መሃል እየሰበሰበች ታሻለች። መጀመሪያ ይበታተናል። ትንሽ ቆይቶ ይከብዳል። መጨረሻ ላይ ጨብጣ ስትለቀው የጣቶቿ ቅርጽ መስመር መስመሩ ሳይፈርስ ይቀራል፤ እጇ ደግሞ እስከ አንጓዋ ያበራል። «አሁን ደረሰ» አለች። ቅቤው አልበዛም ወይ ብዬ ስጠይቅ ቀና ብላ አየችኝ። «ቅቤ የሚሰስት ሰው በሶ በጥብጦ ይጠጣ» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። በቆሪው ውስጥ እየጠቀጠቀች፣ ላዩን በማንኪያ ጀርባ ደመደመችው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ልፋት ፎቶ አንሱት። የሚወጣው ምን መሰላችሁ? ለግድግዳ የተዘጋጀ ጭቃ። ምንም ብታደርጉት ጭቃ ነው። አዲስ አበባ ላለ ጓደኛዬ ልኬለት «ቤት እያስለሰናችሁ ነው?» ብሎ ጻፈልኝ። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል» ብለው የተረቱት ሰዎች አርሲ እንዳልደረሱ ያወቅሁት ያኔ ነው። ተረቱ ለበያይነቱ ይሠራል፤ ቀይ ምስሩ፣ ቢጫ ክኩ፣ አረንጓዴ ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ በእንጀራ ላይ ተደርድሮ ከላይ ሲነሳ ማን ይችለዋል? ዓለም የኢትዮጵያን ምግብ የሚያውቀው በዚያ ፎቶ ነው። ክትፎውም ቢሆን ነጭ አይቡና አረንጓዴ ጎመኑ አጅበውት ነው የሚታየው። የአርሲ ማዕድ ግን ቀለም አያውቅም። ጭኮው ቡናማ፣ በሶው ቡናማ፣ ቂጣው ቡናማ፣ ቅንጬው ፈዛዛ፣ ገንፎው ፈዛዛ፣ እርጎው ነጭ፣ አሬራው ነጭ። ገንፎ መሃሉ ላይ ያቆረው በርበሬ ያለበት ቅቤ ትንሽ ያድነዋል። ቡና ቀላም አለ፤ ጀንፈሉ በቅቤ ተቁላልቶ ሲያብረቀርቅ ለካሜራ ይመቻል። ነገር ግን ቡና ቀላ ሲቀርብ ምርቃት አለ፤ ሽማግሌ እየመረቀ ስልክ የሚያወጣ ሰው ምርቃቱ ወደ ምን እንደሚገለበጥበት አይታወቅም።

ይህ የቀለም ድህነት ሯጮቻችንንም ጎድቷል ባይ ነኝ። ከአሰላ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ፣ ከበቆጂ ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ፤ ይህ ሁሉ ከዚህ ቀዝቃዛ ደጋ ነው የወጣው። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ወርቋን ካጠለቀች ወዲህ የውጭ ካሜራ ከበቆጂ ጠፍቶ አያውቅም። በ2012 «ታውን ኦፍ ረነርስ» የሚባል ዘጋቢ ፊልም ወጥቶላታል። በየመጽሔቱ የማየው ፎቶ ግን አንድ ነው፤ ንጋት፣ ጉም፣ የባሕር ዛፍ ጫካ፣ የሚሮጡ ልጆች። ከፍታው ይነሳል፣ አየሩ ይነሳል፣ ኃይሌ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ትምህርት ቤት የሮጠው ርቀት ይነሳል። ገብሱስ? አንድም መጽሔት አንድ ሙሉ ገጽ ለአንድ ሳህን ገንፎ ሲሰጥ አላየሁም። ፎቶ አንሺውን ይገባኛል። ከዚያ ጉምና ከዚያ ጫካ ተመልሶ፣ ፈዛዛ ነገር በፈዛዛ ሳህን ቀርቦለት፣ በዚያ ላይ አንድ አምፖል ብቻ በሚበራበት ቤት ምን ያድርግ? እኔ ብሆን እኔም ወደ ጫካው እመለሳለሁ፤ ግን በልቼ።

ለነገሩ ጭኮ አንድ ቦታ ላይ ጥሩ ፎቶ ወጥቶለታል፤ ኤርፖርት። ውጭ አገር ዘመድ ያለው የአርሲ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። በላስቲክ፣ በላስቲኩ ላይ በፌስታል፣ በፌስታሉ ላይ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ክብደት ያለው፣ ጠንካራ፣ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ቡናማ ነገር በስካነሩ ውስጥ ሲያልፍ ቀበቶው ይቆማል። ሰው ይጠራል። «ይሄ ምንድን ነው?» ሲባል ተጓዡ «ምግብ ነው» ይላል። «ምን ዓይነት ምግብ?» እዚህ ላይ እንግሊዝኛ ያልቃል። አንድ ወዳጄ ባረፈበት አገር እንዲህ ሲጠየቅ ሌላ መላ አጥቶ ላስቲኩን ፈትቶ በጣቱ ቆርሶ በላላቸው። አሳለፉት። እንዳላመናቸው ሆኖ ዞር ብሎ ሲያይ ግን አንደኛው ፈታሽ ጣቱን ሲያሸት ነበር ይላል።

ስንቅነቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ገብሱ ደርቆ የተቆላ ነው፣ ቅቤው ተነጥሮ ውኃው የወጣለት ነው፤ ስለዚህ ሻጋታ የሚይዘው ነገር የለውም፣ ወራት ይቆያል። ይህ ቁም ነገር እኛ ቤት የሃይማኖት ጉዳይ ሳይቀር ፈትቷል። እናቴ ትሳለማለች፣ አክስቴ ትሰግዳለች፤ አንድ እናት የወለደቻቸው ናቸው። አርሲ ላይ እንዲህ ያለ ቤት ብዙ ነው። ሰርግ ሲሆን ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ዕርድ፣ ሁለት ድስት ነው፤ ሥጋው አይገናኝም። ጭኮ ላይ ግን ሁሉም ይገናኛል፤ ያልታረደ ነገር ነው። ጣጣ የሚመጣው ሁዳዴ ሲገባ ብቻ ነው፤ ቅቤ አለበት። በቅርብ ዓመታት ሁዳዴና ረመዳን ሲደራረቡ አክስቴ ለኢፍጣር ያሸችውን ጭኮ ለእህቷም ከፍላ ላከች። እናቴ «ምነው፣ ጾም መሆኑን አታውቅም እንዴ?» ብላ ደወለች። መልሱ አጭር ነበር፤ «ለፋሲካ ነው። ክዳኑን ግጠሚና አስቀምጪው፤ እኔ አንቺን አላውቅሽም? ቁልፍ ያለበት ቦታ አድርጊው።» ቁልፍ ያለበት ቦታ ተደረገ። ቁልፉ ራስጌ ተደረገ። ፋሲካ ሲደርስ ጭኮው አንድ ጥጉ ጎድሎ ተገኘ፤ ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ፣ እኔ ደግሞ አይጥ ላይ።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ተስፋ አልቆረጥኩም። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ነጭ መብራት ምግብን የሚያሳምም መሆኑ ስለገባኝ አጠፋሁት፤ አክስቴ «መብራት ሄደ?» ብላ ከጓዳ ጮኸች። ቆሪውን በሩ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት በሮቤ በር የሚገባ ብርሃን ከጎን ይመጣል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ አይዋሽም። ሚስጥሩ ጎን መሆኑ ነው፤ ከላይ ያነሳችሁት ጭኮ ያው ልስን ነው፤ ከጎን ስታነሱት ግን በማንኪያ የተጠቀጠቀበት ጉድባ ሁሉ ጥላ ያገኛል፣ ጥላው ውስጥ ቅቤው ይታያል። ጥቁሩ ቆሪ ደግሞ ከሥሩ ሆኖ ያቀላዋል። አክስቴ ጎንበስ ብላ ለሕፃኑ ልትቆርስለት እጇን ስትሰድ ጫንኩት። እጇ በቅቤ ወዝቷል፣ ጭኮው ተቆርሶ ውስጡ ታይቷል፣ ጥቃቅኑ ፍርፋሪ አየር ላይ ነው። በሕይወቴ ካነሳኋቸው የምግብ ፎቶዎች እሱን የሚያህል የለም።

አሳየኋት። ስልኩን ከዓይኗ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ከዚያ «አጥፋው» አለችኝ።

«ለምን? እንዲህ ያምራል እኮ!»

«ወርቄን አላደረግኩም። እጄ ብቻውን ምን ሊሠራ ነው ፎቶ ላይ? ሰው ምን ይላል፣ ወርቋን ሸጠች ይላል እኮ!»

በሳሎኑ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች አይቶ ይህን ጭንቀት መረዳት ይቻላል። ሁሉም ከፎቶ ቤት ነው። ከኋላ ሐይቅና ዘንባባ የተቀባበት መጋረጃ አለ፤ አርሲ ላይ ዘንባባ የት እንዳለ እንጃ። የአክስቴ ባል ከሰው የተዋሰውን ሰዓት እንዲታይለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጓል፤ አክስቴ ወርቋን በሙሉ አድርጋለች፣ ከጎረቤት የተዋሰችውንም ጨምሮ። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ ሁለቱም ቢላዋ ይዘው ኬክ ላይ ጎንበስ ብለዋል። ያን ኬክ የበላ ሰው ስለ ጣዕሙ አንድ ነገር ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። በዚያው ሠርግ ስለቀረበው ጭኮ ግን አሁንም ይወራል፤ የማን ቅቤ እንደነበር፣ ማን እንዳሸው፣ ማን ሰርቆ ሲበላ እንደተያዘ። ለትውልድ እንዲቆይ የተፈለገው በፎቶ ገባ፣ ራሱ የቆየው በአፍ ቆየ።

ስመለስ ቆሪው ሙሉ ጭኮ ተሰጠኝ። ሮቤ ብርዱ ላይ ጭኮ ድንጋይ ነው፤ ማንኪያ ያጣምማል። ኢተያ ድረስም ደኅና ነው። ጣጣው አዳማ ነው። ቁልቁል በወረድን ቁጥር ቅቤው ሐሳቡን መለወጥ ጀመረ። ዴራ ላይ ሽታው ወጣ። አዋሽ መልካሳ ላይ ከፌስታሉ አልፎ ሱሪዬ ላይ አረፈ። አዳማ ላይ ከፊቴ የተቀመጡት ሴት ዞር ብለው «የአርሲ ሰው ነህ እንዴ?» አሉኝ። አዎ ስላቸው፣ ማንኪያ ካለ ጠየቁኝ። ብርዱን ፈርተው መስኮት ሲያዘጉ የነበሩት ሁሉ እዚህ ላይ መስኮት ከፍተው ነበር፤ ማንኪያው ሲወጣ ግን ዘጉት፤ ሽታው እንዳይወጣ ይሁን አቧራው እንዳይገባ አልተናገሩም።

አሁን ችግሩ ቆሪው ነው። በኛ አገር ባዶ ዕቃ አይመለስም፤ የተሞላ ነገር የሰጠህ ሰው ዕቃው ተሞልቶ ነው የሚመለስለት። ከሳምንት በኋላ ፎቶውን ከነወርቅ አልባው እጇ ለአክስቴ ልጅ ስልክ ላኩት። ማጥፋት አቅቶኝ ነው። ማታ ራሷ ደወለች። ስለ ፎቶው አንድም ነገር አላነሳችም።

«ቆሪዬስ?»

«አለ አክስቴ፤ ታጥቦ ተቀምጧል።»

«ታጥቦ? በሳሙና?»

ዝም አልኩ።

«ቆሪ በሳሙና አይታጠብም! ስንት ዓመት የጠጣውን ቅቤ!» ለጥቂት ጊዜ ሰማይና ምድሩ ተነሳብኝ። ሲበርድላት ምን ልሙላበት ብዬ ጠየቅኋት። ስኳር እንዳላስብ ነገረችኝ፤ ሐኪም ከልክሏታል። ፓስታ ቤቷ ሞልቷል። ብርቱካን ቢላክ መንገድ ላይ ይፈርጣል። «ጀንፈል ቡና ብታገኝ ግን» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ባልየው አጠገቧ እንዳለ ገባኝ፣ «እዚህ ገበያ የሚመጣው ተፈልፍሎ ነው። ለቡና ቀላ ጀንፈሉ ነው የሚያስፈልገኝ። ረመዳን ሲደርስ ሽማግሌዎቹን ልጠራ ነው።»

መርካቶ ቡና ተራ ሄጄ ጠየቅሁ። ሁሉም የተፈለፈለ ነው ያለው። አንዱ ነጋዴ ጀንፈል ለምን እንደፈለግሁ ጠየቀኝ፤ በቅቤ ተቁላልቶ እንደሚበላ ስነግረው ጓደኞቹን ጠርቶ ደግሜ እንድናገር አደረገኝ። ስለዚህ ከጅማም ይሁን ከሐረር ጀንፈል ቡና የሚያመጣ ሰው የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ለናሙና የሚሆን አይደለም የምፈልገው፤ ቆሪው ትልቅ ነው።